የጎሹ ስም የማይነሣበት ሁዳዴ

የካቲት 25 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ እሑድ

ሦስት ለአንድ። አዘዞዎች አሸነፉን። ንዴቴ እንዲበርድ ብዬ እራቴን ከበላሁ በኋላ ነው የምጽፈው፤ ግን አልበረደም።

የእኛ የጎንደሮቹ የቀሐ ቡድን ዘንድሮ ሲሸነፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከዕረፍት በፊት ደኅና ነበርን። ከዕረፍት በኋላ ልጆቹ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ፤ የመሐል አጥቂያችን ክንዴ ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ኳሷን ወደ ወንዙ ላካት። ያን ጊዜ ከድንጋይ አጥሩ በኩል «ጎሹ ይውረድ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። መጀመሪያ አንድ ሰው ነበር፤ ቀጥሎ ሜዳው ሙሉ ሆነ።

አያ ጎሹ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። አሮጌ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጨዋታውን ማየቱን ቀጠለ። ከጭልጋ መጥቶ አውቶ ፓርኮ ሰፈር ባለ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት የሚሠራ ሰው ነው፤ ቡድናችንን ማሠልጠን ከጀመረ አራተኛ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሰው እንዴት አይቆጣም?

እኔ አልጮኽኩም። የደጋፊዎች ማኅበር ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ መጮኽ ነውር ነው። ቤት ስገባ ግን ባለቤቴ አስናቀች ቀና ብላ አየችኝና «አዘዘ፣ ድምፅህ ምነው ተዘጋ?» አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት።

የካቲት 27፣ ማክሰኞ

ከአቶ በላቸው ጠጅ ቤት መመለሴ ነው። አቶ በላቸው የማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤትም፣ ሸንጎም፣ መጠጫም ያው ጠጅ ቤቱ ነው። ግማሽ ከተማ እዚያ ነበር። የአውቶ ፓርኮ ሾፌሮች በሙሉ ከአያ ጎሹ ጋር ናቸው። የቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች ደግሞ ዛሬውኑ ይሂድ ባዮች ናቸው።

«ማኪናን ነዳጅ ሳትሰጠው አቀበት ውጣ ትለዋለህ? ለአያ ጎሹ ምን ሰጣችሁትና ነው?» አለ አንዱ ሾፌር።

«መሪው ለተበላሸ ማኪና ነዳጅ ምን ይሠራለታል?» ብሎ አንድ ጨው ነጋዴ መለሰለት።

ነዳጅ ያለው ገንዘብ ነው። የማኅበራችን ሀብት አንድ በሬ ነው። በኅዳር መዋጮውን ስንሰበስብ አቶ በላቸው «ጥሬ ብር ከተማ ውስጥ እግር ያወጣል» አለና በሬ ገዝተን ኮላ ድባ ላለችው ለእትዬ እማዋይሽ እንድታደልበው ሰጠናት፤ ከትርፉ ሲሦው የእሷ ነው። በአስመራ ደግሞ ሐብተ ማርያም የሚባል አጥቂ አለ። ጎል አያመልጠውም ይላሉ። በአውቶቡስ ሾፌር የላከው ቃል ዛሬ ደረሰን፦ መቶ ሃምሳ ብርና ጎንደር ውስጥ ሥራ ይፈልጋል። በሬው አሁን ቢሸጥ የዚህን ግማሽ አያወጣም። ለፋሲካ ሲደልብ መቶ ብር ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ ግን አይሄድም።

«በሬውን እስኪሰባ እንታገሠው። ጎሹ ከወረደ የጎደለውን እኔ ከኪሴ እሞላለሁ። ከጎሹ ጋር ግን ሰባራ ሳንቲም የለኝም» አለ አቶ በላቸው። ቀጠለና «ምትክም ሩቅ አይደለም» ብሎ ወደ እኔ አየ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጉልበቴ ሳይሰበር የቀሐ የግራ ክንፍ እንደ ነበርኩ የሚያስታውስ አልጠፋም። «ተዉ እንጂ አቶ በላቸው» አልኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሹመት ፈልጌ አላውቅም። ለቡድኑ ሲባል ከሆነ ግን ሰው ምን ይላል?

የካቲት 29፣ ሐሙስ

አዲስ ኮት ጀምሬአለሁ። ግራጫ ሱፍ ነው። ደረቱ ሰፋ ያለ፣ ከውስጥ በኩል ለፊሽካ የምትሆን ትንሽ ኪስ ያላት። አስናቀች «የማን ነው?» አለች። የደንበኛ ነው አልኳት። እጅጌውን አነሣችና እጄ ላይ ለካችው።

«ደንበኛህ ካንተ ጋር እኩል ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የሰው ክንድ ከሰው ክንድ ጋር እኩል ቢሆን ምን ይገርማል።

መጋቢት 2፣ እሑድ፣ የቅበላ ዕለት

በችኮላ። በአቶ በላቸው ቤት ጠብ። ሾፌሩና ጨው ነጋዴው ተያያዙ። አንድ ጥርስ ወለቀ፤ የማን እንደሆነ ገና አልተለየም። እኔ ልገላግል ገብቼ እጅጌዬ ተቀደደ። ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ የቅበላው ሥጋ ሳይበላ በዚያው ቀረ። ይህ ሁሉ በአያ ጎሹ ስም ነው። እሱ የለም፤ ጋራዥ ውስጥ የጭነት ማኪና ሲፈታ ነበር አሉ።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄድኩ። የአብዛኞቻችን የነፍስ አባት ናቸው። ኳስም ይወዳሉ፤ በጨዋታ ቀን ጥላቸውን ይዘው ከአጥሩ ኋላ ይቆማሉ። የሚጠይቃቸው ካለ «በሽተኛ ልጠይቅ ሳልፍ ነው» ይላሉ። እስከ ዛሬ ያ በሽተኛ አልዳነም።

የሄድኩት ለሰላም ብዬ ነው። ይህ ይታወቅልኝ። ሌሊቱን ነገሩን ስመዝነው አደርኩ። በማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ ብዙዎቹ የአቶ በላቸው ወገኖች ነን። ሾፌሮቹ ያላቸው አፍ ብቻ ነው፤ አፋቸው ደግሞ ከተማውን ሁሉ ያስከትላል። አፉ ቢዘጋ ኮሚቴው በጸጥታ ተቀምጦ የሚሻለውን ይወስናል። የሚሻለው ምን እንደሆነ እኔ አላልኩም።

«መምሬ፣ በጾም ሰው እንዲህ ሲባላ ዝም ይላሉ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ? የኳስ ነገር በፍትሐ ነገሥት የለ።»

«ጠቡ የኳስ ብቻ አይደለም። ጥርስ ወልቋል። ግዝት ይጣሉና ክርክሩ ይቁም።»

ጢማቸውን አሻሹ። «ሸጋ ሐሳብ ነው። አንተ ግን የሰላም ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር» አሉኝ። ሲመርቁኝ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

ከቅዳሴ በኋላ ሰበሰቡንና መስቀላቸውን አወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ፣ ጎሹ ይውረድ ያለም፣ ጎሹ ይቆይ ያለም፣ በገበያም ይሁን በጉባኤ፣ በአፍም ይሁን በጽሕፈት፣ ገዝቻለሁ» አሉ።

በጉባኤ ሲሉ ደነገጥኩ። «መምሬ፣ ኮሚቴው ግን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኮሚቴው የሚናገረው በምኑ ነው? በአፉ አይደለም?» አሉኝ።

እንግዲህ እስከ ፋሲካ ማንም ማንንም ማውረድ አይችልም። ይህን እንዴት አላሰብኩትም? አቶ በላቸው በመንገድ ላይ «ይህን ምክር ለመምሬ የሰጠ ምላሱ ይታሰር» ሲል እኔም አብሬው ራሴን ነቀነቅኩ። በጽሕፈትም ብለዋል። ስለዚህ ያንን ጉዳይ ከዚያ ስም ጋር እዚህም አላነሣውም።

መጋቢት 9፣ እሑድ

ባዶ ለባዶ ወጣን። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከተወለድኩ አላየሁም። ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቶ የሚሰማው የኳስ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሾፌር «ምነው ያንን ልጅ ወደ ክን…» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። አቶ በላቸው ኳስ በተበላሸ ቁጥር ስለሚያስል አንዲት ሴትዮ ዳማ ከሴ አሽቶ እንዲምግ መከረችው። ጨው ነጋዴው ማሰብም በግዝቱ ይካተት እንደሆነ መምሬን ጠየቃቸው። «ሐሳብህን ማን ሰማው? ብቻ አታስልበት» አሉት።

መጮኽ ሲቀር ሰው ማየት ይጀምራል። በዕረፍት ሰዓት አያ ጎሹ ወደ እያንዳንዱ ልጅ እየሄደ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ይናገራል። ይህን ከዚህ በፊት አላየሁም ነበር። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እኔ ከሰው ጋር ስሟገት ነው የማሳልፈው።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

እግረ መንገዴን ወደ ልምምዱ ጎራ አልኩ። መንገዴ በዚያ አያልፍም፤ ግን ጎራ አልኩ። ልጆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ስለማይቀምሱ አያ ጎሹ ልምምዱን ከዘጠኝ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አዙሮታል። በሽሮ ጾም ከፈቱ በኋላ ነው የሚመጡት።

ሩጫ የለም። ልጆቹ በቦታቸው ቆመው ኳሷን ብቻ ያቀባብላሉ። የሮጠ ይቀጣል። ደሜ ፈላ።

«አያ ጎሹ፣ ምነው ልጆቹን ገተርካቸው?» አልኩት።

«ጾም ላይ ናቸው። ኳሷ ግን አትጾምም። እሷ ትሩጥ» አለኝ።

ሳላስበው ሳቅኩ። መሳቄ አናደደኝ። ሊስቅብኝ ይሆናል ብዬ ዞር ስል እሱ አጥቂውን ክንዴን እያየ ነበር። «ያንተ ግራ እግር ሸጋ ነበር። ይኸ ልጅ ግራውን ለመቆሚያ ብቻ ነው የያዘው። ምነው አንድ ቀን ብታሳየው?» አለኝ።

አንድ ቀን ብቻ አልኩት።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ትናንት አንድ ለባዶ አሸነፍን። ድል ነው ለማለት ይከብዳል፤ ግን ልጆቹ እስከ መጨረሻ ቆሙ።

አንድ ቀን ያልኩት ነገር ዛሬም አላለቀም። ከክንዴ ጋር ነው የማመሸው። ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሣ ይውልና ደግሞ በግራ እግሩ ኳስ እየመታ ግድግዳ ይደበድባል። ከስንት አንዷን በደንብ ሲመታት እኔ የመታሁ ያህል ነው ደስ የሚለኝ። ጉልበቴን እንኳ ረሳሁት።

ዛሬ ዐረፍ ስንል ስለ አምናው የዋንጫ ጨዋታ አነሣሁለት፤ ከፋሲካ ሳምንት በኋላ አራት ለባዶ ስለተሸነፍነው። ከተማው አያ ጎሹን መጥላት የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

«ያን ለት ምን ሆናችሁ ነበር?» አልኩት።

«ጠግበን ነበራ። ሳምንቱን ሙሉ ደጋፊው ሁሉ ይጠራናል። በጨዋታው ጠዋት እንኳ የስንቱን ቤት ዶሮ በልቼ ነበር። ያንተንም ጭምር።»

«እኔ ቤትማ ትንሽ ነው የቀመስከው።»

«እምቢ ስል ቅር አለህ። ከዚያ እያጎረስክ አበላኸኝ፤ እጄን ልታጠብ ስነሣም አስቀመጥኸኝ።»

አላስታውሰውም። ደግሞስ በፋሲካ የመጣን እንግዳ ሳያጎርስ የሚሰድ ማን ነው? አንድ ቡድን በዶሮ ወጥ ተሸነፈ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ

ኮላ ድባ ደርሼ ተመለስኩ። በሬው ተራራ አክሏል። እትዬ እማዋይሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ብቻዋን ይዛ የቆመች ሴት ናት፤ የልቧን ከመናገር የምትመለስ አይደለችም። የበሬውን ጎን እየነካካሁ ሳደንቅ ትታዘበኝ ነበር።

«አያ ጎሹ የተበላሸ ማኪና ሊጠግን ወደዚህ ሲወርድ ጎራ ይላል። ለበሬው ጨው ያመጣል። ከሁሉ በፊት ግን እኔን ደኅና ነሽ ወይ ይለኛል። እናንተ ስትመጡ የበሬ ጎን ትነካካላችሁ» አለችኝ።

እጄን ሰበሰብኩ።

«ልታወርዱት ነው አሉ። እውነት ነው?»

አልናገርም። ግዝት አለብኝ። ግዝት አለብኝ ለማለት እንኳ ጉዳዩን ማንሣት ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ። መሬት መሬት አየሁ።

«ዝም አልክ። እውነት ነው ማለት ነው» አለችና ገለባውን ልትጨምርለት ሄደች።

በጭነት ማኪና ላይ ሆኜ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ከነከነኝ። ግዝቱን ያመጣሁት ለዚህ አልነበረም። ግዝቱ የመጣው ለዚህ አልነበረም ለማለት ነው።

ሚያዝያ 21፣ ሆሣዕና

ሁለት ለአንድ! ደብረ ታቦሮችን አሸነፍን፤ ለዋንጫ አለፍን። ሁለተኛዋን ክንዴ በግራ እግሩ አገባት። በግራ እግሩ! ሜዳ ውስጥ ሮጬ ገብቼ ጉልበቴ ከዳኝና ወደቅኩ፤ ሁለት ሾፌሮች አነሡኝ። የዘንባባ ቀለበቴ እዚያው ጠፋ።

ሰው «ይኸን ግራ እግር ከየት አመጣው?» ሲል አያ ጎሹ በባርኔጣው ወደ እኔ አመለከተ። ባያመለክት ማን ይጠይቀው ነበር? ዝም ቢል ሁሉም ለእሱ ይሆን ነበር። በዚህ ልናደድበት ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም።

የዋንጫው ጨዋታ ለዳግም ትንሣኤ ነው። ከአዘዞ ጋር።

ሚያዝያ 23፣ ማክሰኞ

አቶ በላቸው ወደ ሱቄ መጣ። የተሰቀለውን ግራጫ ኮት ዳሰሰ። «ይህ ለፋሲካ ማግሥት ያምርብሃል» አለ። ቅዳሜ በሬውን እኔ እንድሸጥ፣ ሰኞ ግዝቱ ሲፈታ ጉባኤ እንደሚጠራ፣ የአስመራው ልጅ በማግሥቱ አውቶቡስ እንደሚሳፈርና ለጨዋታው እንደሚደርስ ነገረኝ። «ገንዘቡን የምሞላው ምን ሲሆን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። ስም አላነሣም። ጠንቃቃ ሰው ነው።

መልስ ሲጠብቅ «ሰሙነ ሕማማት ነው፣ ግዝትም አለብን» አልኩት። ግዝቱ አንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ።

ለደባርቅ ነጋዴ ኮቱን ሸጥኩት። እጅጌው ትንሽ ረዘመበት። አስናቀች «ባለቤቱ መጣ?» አለች። አዎ መጣ አልኳት።

ሚያዝያ 25፣ ጸሎተ ሐሙስ

አያ ጎሹ ሱቄ ገብቶ አያውቅም። ዛሬ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ከስፌት ማኪናዬ አጠገብ ቆመ።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ስለ እኔ አይደለም፤ እሱ ተገዝቷል» አለ። «የፋሲካ ሳምንት ልጆቹን ሰው ወደ ቤቱ እንዳይጠራቸው አድርግልኝ። ሁለት ወር ሙሉ በሽሮ የኖረ ሆድ የሕፃን ሆድ ነው። አንተ ብትናገር ይሰሙሃል።»

በጎንደር ከተማ፣ በፋሲካ፣ ሰው እንግዳ እንዳይጠራ! ይህን የሚናገር ሰው ከአገር ይውጣ ነው የሚባለው። ከክንዴ የሰማሁት ትዝ አለኝና «አምና በዚህ ነው የተሸነፍነው?» አልኩት።

«በዚህ ነው።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ሳትናገር? ዓመት ሙሉ ስንሰድብህ!»

«ማንን ልክሰስ? ያጎረሳቸው ሁሉ በፍቅር ነው ያጎረሳቸው። እንዲህ ያለውን ሰው አስሸነፍከን ይሉታል? እኔ ብሸከመው ይቀላል ብዬ ነው።»

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እስኪመሽ አንድ ስፌት አልሰፋሁም። ራሴን የጠላሁበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ሲወርድበት የእኔን ጉርሻ ተሸክሞ ነበር የተቀመጠው።

ሚያዝያ 27፣ ቅዳም ስዑር

በሬው ተሸጠ፤ መቶ አሥራ ስምንት ብር። እትዬ እማዋይሽ ድርሻዋን ተቀበለች። ገመዱን ስትሰጠኝ ፊቷን አዞረች። ብሩ በወገቤ ታስሯል። ለሌሊቱ ቅዳሴ ልሄድ ነው።

ሚያዝያ 28፣ ፋሲካ

ክንዴ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን መጣ። አስናቀች ገበታውን አቀረበች። አንድ አጎረሰችው። ሁለተኛ አጎረሰችው። ሦስተኛውን ስታነሣ እጇን ያዝኩ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ነውር አድርጌ አላውቅም። ክንዴ አቀርቅሮ ወጣ፤ አስናቀች ደግሞ «በፋሲካ ቀን እጄን? በእንግዳ ፊት?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። አምናውን፣ ሐሙስ ዕለት ጎሹ ያለኝን። ነገሩ ሲገባት ቁጣዋ ተወት አደረጋት።

«ታዲያ ሰው እንዳይጠራ ለምን ትከለክላለህ? ማንም አይሰማህም። ሁሉም በአንድ ላይ ይጥራቸው እንጂ። ማኅበር ስንጠጣ በአንድ ቀን ቤት ለቤት እንዞራለን ወይ? ድግሱን ሁሉ አንድ ቤት አግቡትና አያ ጎሹ ራሱ መጥኖ ያብላቸው» አለችኝ።

ይህችን ሴት ኮሚቴ ውስጥ ማስገባት ነበረብን።

ሚያዝያ 29፣ ሰኞ

መምሬ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው መስቀላቸውን ገና ሳያወርዱ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። የስንት ሳምንት ነገር ተጠራቅሞ! መምሬ ጆሮአቸውን ይዘው ከዳር ተቀመጡ፤ አልሄዱም ግን።

ጸጥ ሲል አቶ በላቸው ሐሳቡን አቀረበ። ጎሹ ይውረድ፣ አዘዘ ይተካ፣ ብሩን እሱ ይሙላ፣ የአስመራው ልጅ ነገ ይሳፈር። እጅ ሲቆጠር ኮሚቴው እኩል ለእኩል ተከፈለ። እጁን ያላወጣ እኔ ብቻ ነበርኩ። አያ ጎሹ በሩ አጠገብ፣ ከሾፌሮቹ መካከል ቆሟል።

ተነሣሁ።

«ሹመቱን እፈልገዋለሁ» አልኩ። «ከየካቲት ጀምሮ ስፈልገው ነበር። ኮት እንኳ ሰፍቼለት ነበር። ግን በዚህ መንገድ አልወስደውም። አምና አራት የገባብን በአያ ጎሹ ስሕተት አይደለም። እኔ ክንዴን በጨዋታው ጠዋት እምቢ እያለኝ አጉርሼዋለሁ። እዚህ ካላችሁት ያላጎረሰ ካለ እጁን ያውጣ።»

አንድ እጅ አልወጣም። ጨው ነጋዴው ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ በላቸው እንኳ «እኔ ጥብስ ብቻ ነው…» ብሎ ተወው።

የአስናቀችን ሐሳብ የእሷ መሆኑን ተናግሬ አቀረብኩ። እስከ እሑድ ልጆቹ በአንድ ቤት ይብሉ፤ የእኔ ቤት ሰፊ ነው። መጋበዝ የፈለገ ሁሉ ድግሱን ወደዚያ ያምጣ። መጥኖ የሚያቀርበው አሠልጣኙ ነው። ከበሬው ዋጋ ለልጆቹ ጫማ ይገዛና በቀረው ወይፈን ተገዝቶ ኮላ ድባ ይግባ። የአስመራው ልጅ ከወደደን ለመስከረም ይምጣ፤ ያን ጊዜ ወይፈኑም ያድጋል። እኔ ደግሞ አያ ጎሹ ከፈቀደልኝ ረዳቱ ሆኜ የግራ እግር አስተምራለሁ።

እጅ እንደገና ተቆጠረ። ጎሹ ቆየ። አቶ በላቸው ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ከልቤ አዘንኩለት፤ ቡድኑን ከማናችንም አሳንሶ አይወደውም።

መምሬ ሲወጡ በአጠገቤ ቆም አሉና «የሰላም ሰው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኩም።

ግንቦት 2፣ ሐሙስ

ቤቴ ሠርግ ቤት ሆኗል። ሴቶቹ ድስት ተሸክመው ይመጣሉ፤ አያ ጎሹ በጭልፋ እየለካ ያወጣል፤ የተረፈውን ደጋፊው ራሱ ይበላል። ማንም አልተቀየመም። ሾፌሮቹ ወፍረዋል። ለልምምድ ሲወጡ ልጆቹ እንደ እንቦሳ ይዘላሉ።

አቶ በላቸው ዛሬ አንድ ገንቦ ጠጅ ላከ። አያ ጎሹ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሑድ ማታ ራሱ ይዞልን ይምጣ» ብሎ መለሰለት። ይቀየማል ብዬ ሰግቼ ነበር። «እመጣለሁ» ብሎ ላከ።

ግንቦት 5፣ ዳግም ትንሣኤ

አንድ ለአንድ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አዘዞዎች ቀድመው አገቡ። አምና ቢሆን በዚህ ሰዓት ልጆቻችን መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። ዘንድሮ ከዕረፍት በኋላ ሮጡ። ሲሮጡ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ኳሷንም ልጆቹንም ማንም የሚይዛቸው አልነበረም። አቻ ሆንን። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክንዴን ጎል ፊት ጣሉት፤ ዳኛው ሪጎሬ፣ የፍጹም ቅጣት ምት፣ ብሎ ነጥቡን አሳየ። ይህች ከገባች ዋንጫው የቀሐ ነው።

አያ ጎሹ ሰው ሁሉ እያየ ወደ እኔ ዞረ። «በየትኛው እግሩ ይምታ?» አለኝ።

በቀኙ ማለት ይቻል ነበር። ቀኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢስት ማንም እኔን አይወቅስም። የአዘዞ በረኛም ግን ያውቀዋል። «በግራው» አልኩ።

ክንዴ በግራው መታ። በረኛው በሌላ በኩል ወደቀ። ኳሷ ቋሚውን መትታ ወጣች። የመጨረሻው ፊሽካ ወዲያው ተነፋ፤ ለዋንጫው በሚቀጥለው እሑድ እንደገና እንድንጫወት ተወሰነ።

ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ከአጥሩ በኩል «ይኸ ልብስ ሰፊ ስለ ኳስ ምን ያውቃል?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌር ነው። «ወደ መርፌው ይመለስ!» ብሎ ጨው ነጋዴው ተቀበለው። ከዚያ ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ገንቦውን ይዞ የመጣው አቶ በላቸውም ባንድ አፍ ጮኹብኝ። ከየካቲት ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

አያ ጎሹ አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ የሚያለቅስ መሰለኝ። ሳቀ እኮ! አራት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ሳቅ።

«አሁን አሠልጣኝ ሆንክ። ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት እንገናኝ፤ ግራ እግሩ ገና ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለአስናቀች ምን እንዳሉኝ ስነግራት ድፍን ጎንደር ሰድቦህ እንዲህ ፊትህ የበራው ምነው አለችኝ። እንጃ አልኳት። በሚመጣው እሑድ ሪጎሬ ካገኘን ክንዴ በግራው ነው የሚመታው።